ያውቁ ኖሯል? መቋሚያም ወንበር ሆኗል

ጋይንት የቤተ ክርስቲያን ዜማ አገር ነው። የድጓ ምስክር ቤቱ ቤተልሔም፣ የዝማሬና መዋሥዕቱ ዙር አምባ ሁለቱም የሚጠሩት በዚሁ አገር ስም ነው። ማኅሌት ቆሞ የሚያድር መዘምር ደግሞ በርጩማ አያስቀርብም፤ የሚያሳርፈው መቋሚያው ነው። ቀጥ ያለ ዘንግ፣ አናቱ ላይ በአግድም የተገጠመ አጭር መደገፊያ፣ በቃ ይኸው ነው። ሲደክመው ብብቱ ሥር ያስገባዋል፤ ደግሞ ሁለት እጁን ደርቦ አገጩን ያሳርፍበታል፤ ዝማሜው ሲጀመር ያንኑ ዘንግ ከፍ ዝቅ እያደረገ ይዘምምበታል። ዘንጉ አያጥርም አይረዝምም፣ ግን ለእያንዳንዱ ድካም ልክ ይሆናል። ለእኔ ከዚህ የላቀ የእንጨት ብልሃት የለም።

ይህን ቅርጽ ወደ ዘመናዊ የቤት ዕቃ ያመጣው አዲስ አበባ ያደገው፣ አሜሪካ ቨርጂኒያ የሚሠራው ዲዛይነር ጆሞ ታሪኩ ነው። አንዱን ወንበሩን «መቋሚያ» ብሎታል፤ «ሙቀጫ» የተባለ በርጩማም አለው፣ መልኩም እንደ ስሙ ነው።

በአንድ ዘንግ ብዙ መሥራት ግን የመቋሚያ ብቻ አይደለም። ከፍታው የሚለዋወጥ በርጩማ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የፒያኖ መቀመጫ ዓይነቱን ነው፤ መሐሉ ባለው ቪቴ እየተሽከረከረ ከፍ ዝቅ የሚለውን። በ1954 እ.ኤ.አ. ግን ማክስ ቢልና ሃንስ ጉጌሎት ጀርመን ኡልም ውስጥ ለዲዛይን ትምህርት ቤታቸው ተማሪዎች ቪቴ የሌለው ሠሩ። ሦስት ሳንቃና አንድ ድቡልቡል ዘንግ ብቻ ነው። በጎኑ ሲያጋድሙት የመቀመጫው ከፍታ ይለወጣል፤ ተማሪዎቹም ዘንጉን ጨብጠው ከክፍል ክፍል ይዘውት ይሄዱ ነበር።