ያደረ ቶርቲያ ካላችሁ ቁርስ አላችሁ

የሜክሲኮ ቁርስ ስም ዝርዝር ያስፈራል። ቺላኪሌስ፣ ኡዌቮስ (እንቁላል ማለት ነው) ራንቼሮስ፣ ኡዌቮስ ዲቮርሲያዶስ፣ ኡዌቮስ ሞቱሌኞስ፣ ሞዬቴስ እያለ ይቀጥላል። ማድ ቤት ገብታችሁ ስታዩት ግን ጉዳዩ ሦስት ነገር ላይ ያርፋል፦ ያደረ ቶርቲያ፣ ሳልሳ የሚባለው የቲማቲምና የቃሪያ ስጎ እና የተጨፈለቀ ቦሎቄ። እንቁላሉ እንግዳ ነው፤ ቢመጣ ደስ ይላል፣ ቢቀርም ቁርሱ አይጎድልም። ስለዚህ አሥር ምግብ አላስተምራችሁም። ሦስቱን ከያዛችሁ አሥሩን ራሳችሁ ትደርሱባቸዋላችሁ።

በቺላኪሌስ እንጀምር። ቶርቲያ ከበቆሎ ሊጥ የሚጋገር ስስ ክብ ቂጣ ነው። ትናንት የተረፈው በአራት ይቆረጣል፣ በዘይት ይጠበሳል፣ በሚንተከተክ ሳልሳ ይለወሳል፣ ከላይ አይብና ጥሬ ሽንኩርት ይነሰነስበታል። የደረቀ እንጀራ ሲፈረፈር እያየ ያደገ ሰው ሐሳቡ ወዲያው ይገባዋል። ያደረ መሆኑ ደግሞ ለቁጠባ ብቻ ተብሎ አይደለም። ትኩስ ቶርቲያ ውስጡ እርጥበት ስላለው ዘይት ሲያገኝ ይጠጣዋል፣ ሳልሳ ሲነካው ደግሞ ይላሽቃል። ያደረው ቶሎ ይደርቅና ይንኮሻኮሻል፤ ሳልሳው ውስጥ ሲገባም ጠርዙ እየለሰለሰ ልቡ ይጸናል። ቸኩላችሁ በትኩሱ ከሠራችሁት የምትበሉት ገንፎ ነው።

ቶርቲያው ራሱ እንዴት እንደሚሠራ ሳልነግራችሁ አላልፍም፤ ከሁሉ የምወደው ክፍል ይሄ ነው። ተራ የበቆሎ ዱቄት በውሃ ለውሳችሁ ስትዳምጡት ይሰነጣጠቃል። የሜክሲኮው የማይሰነጠቀው በኖራ የተቀቀለ በቆሎ ስለሆነ ነው። ለ1 ኪሎ ደረቅ በቆሎ 10 ግራም ያህል ለምግብ የተዘጋጀ ኖራ ውሃ ውስጥ ይጨመራል (የግንበኛውን ኖራ አደራ እንዳትነኩት)፣ ቅርፊቱ መላላጥ እስኪጀምር ይቀቀላል፣ በዚያው ውሃ ያድራል፣ ጠዋት ታጥቦ ይፈጫል። የተቀቀለው በቆሎ ኒሽታማል ይባላል፣ ሊጡ ደግሞ ማሳ። ኖራው ቅርፊቱን ያላቅቃል፣ ሊጡ እርስ በርሱ እንዲያያዝ ያደርጋል፣ ለበቆሎውም ያንን የታወቀ የቶርቲያ ሽታ ይሰጠዋል።

ሌላም ሥራ አለው። በቆሎ ውስጥ ያለው ናያሲን የተባለው ቫይታሚን ታስሮ ስለሚቀመጥ ሰውነታችን እንደልቡ አያገኘውም፤ ኖራው ይፈታዋል። በቆሎ ወደ አውሮፓ ሲሻገር ይህ ዘዴ አብሮት አልሄደም። በቆሎን ብቻ ይበሉ የነበሩ ድሆች ፔላግራ በተባለ በሽታ ቆዳቸው እየተላጠ፣ አእምሯቸው እየታወከ አለቁ። በ1735 ስፔናዊው ሐኪም ጋስፓር ካሳል በአስቱሪያስ ገበሬዎች ላይ አይቶ መዘገበው፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ደግሞ የአሜሪካን ደቡብ አመሰው። የምግብ ጉድለት መሆኑን ለማሳመን ዶክተር ጆሴፍ ጎልድበርገር ዓመታት ፈጀበት። የሜክሲኮ ሴቶች ግን በየማታው በቆሎውን በኖራ እየዘፈዘፉ ይተኙ ነበር።

ዛሬ በሜክሲኮ ከተሞች ብዙ ሰው ቶርቲያን በኪሎ ከሰፈሩ መጋገሪያ ይገዛል። እናንተ ደግሞ የደረቀ የማሳ ዱቄት ፈልጉ። በ1949 ኑዌቮ ሌዮን በተባለው የሜክሲኮ ግዛት ውስጥ የተጀመረው ኩባንያ የሚሸጠው ማሴካ ከሁሉ የታወቀው ሲሆን አሜሪካ ያላችሁ በየሱፐርማርኬቱ ታገኙታላችሁ። 2 ኩባያ ዱቄት፣ 1 ኩባያ ተኩል ለብ ያለ ውሃ፣ ቁንጥር ጨው። ለውሳችሁ ሸፍናችሁ ግማሽ ሰዓት ተዉት። የሎሚ መጠን ባላቸው ድብልብሎች ከፋፍሉት፤ እያንዳንዱን በሁለት ቅዳጅ ፌስታል መካከል አድርጋችሁ በከባድ ድስት ቂጥ ተጫኑት። በጋለና ዘይት ባልነካው መጥበሻ ላይ በየጎኑ አንድ ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። ጠርዙ ከተሰነጠቀ ውሃ ጎድሎታል፣ ፌስታሉ ላይ ከተጣበቀ በዝቶበታል። ማታ ጋግሩ፣ ትኩስ ትኩሱን ብሉ፣ 12 ያህል ግን ደብቁ።

አሁን ሳልሳው። የእኛ ሰው እጁ የሚከዳው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ሽንኩርት ከትፎ ማቁላላት ያምረዋል። እዚህ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፦ መጀመሪያ ጥብስ፣ ቀጥሎ መፍጨት፣ ስብ የሚነካው በመጨረሻ ነው። ለአራት ሰው 5 የበሰሉ ቲማቲሞች፣ ግማሽ ሽንኩርት፣ 2 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት ደረቅ መጥበሻ ላይ እዚህም እዚያም ጥቁር እስኪሉ ለብልቧቸው። 3 ወይም 4 ጉዋሂዮ የሚባል ደረቅ ቀይ ቃሪያ ፍሬውን አራግፋችሁ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ አሙቁት፤ ካረረ ይመራል። ከዚያ ፍል ውሃ ውስጥ ሩብ ሰዓት ይዘፈዘፍና ሁሉም አንድ ላይ ብሌንደር ውስጥ ይገባል።

ጉዋሂዮ ከሌለ ዛላ በርበሬ ይሠራል፤ ደግሞም ባዕድ አይደለም። ዛላ በርበሬያችን ዝርያው ያው ነው፤ መጀመሪያ የተላመደው ሜክሲኮ ውስጥ ሲሆን ከ1492 በኋላ ነው ባሕር ተሻግሮ ዓለምን ያዳረሰው። በቆሎውም የዚያው አገር ልጅ ነው። በርበሬያችን ብዙውን ጊዜ ስለሚያቃጥል በሁለት ዛላ ጀምሩና ቅመሱ።

ቀጥሎ የሚመጣውን ሰው ይዘለዋል፣ እኔ ግን ቺላኪሌስን ቺላኪሌስ የሚያደርገው እሱ ነው ባይ ነኝ። 2 ሾርባ ማንኪያ ዘይት በደንብ አግሉና የተፈጨውን በአንድ ጊዜ ገልብጡበት። ይጮኻል፣ ይፈናጠራል፤ ክዳን በእጃችሁ ይኑር። 10 ደቂቃ ያህል እያማሰላችሁ ስትቆዩ ቀለሙ ይጠቁራል፣ የጥሬ ቲማቲም ሽታው ይጠፋል። ያኔ ጨው ጨምሩ። አረንጓዴውን ሳልሳ ከፈለጋችሁ ቶማቲዮ የሚባለውን በቅጠል የተጠቀለለ ጎምዛዛ ፍሬ ከአረንጓዴ ቃሪያና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ቀቅላችሁ ከድንብላል ቅጠል ጋር ፍጩት። ሳይፈነዳ አውጡት፣ አለዚያ ጉምዛዜው ይበረታል።

የተጠበሰውን ቶርቲያ ሳልሳው ውስጥ ጨምሩ፣ ሁለት ሦስቴ አገላብጡ፣ አቅርቡ። ሜክሲኮዎች ይለስልስ ወይስ ይንኮሻኮሽ በሚለው ይከራከራሉ። እኔ ግማሽ ግማሽ ነው የምለው፤ ገበታው ሳይቀርብ ግን ሳልሳውን አታገናኙ። ከላይ በቀጭኑ የተቆረጠ ሽንኩርት፣ በወተት የቀጠነ ጎምዛዛ ክሬም፣ ኬሶ ፍሬስኮ የሚባለው አይብ። የእኛው አይብ ውሃው በደንብ ጠፍፎ ጨው ከገባበት ይተካዋል።

ቦሎቄው ቀላል ነው። ከሽንኩርት ጋር እስኪፈርስ ቀቅሉት፤ መረቁን ግን አትድፉ። ብዙ ቤት የአሳማ ስብ ይጠቀማሉ፣ ዘይትም ይሆናል፤ ሽንኩርት ጠብሳችሁ ቦሎቄውን ከመረቁ ጋር እየጨመራችሁ እዚያው ድስቱ ውስጥ ጨፍልቁት። ደቡቡና የባሕረ ሰላጤው ዳርቻ ጥቁሩን ይወዳል፣ ሰሜኑ ፈዘዝ ያለውን። ዳቦ ለሁለት ሰንጥቃችሁ ይህን ቀብታችሁ አይብ ነስንሳችሁ ምድጃ ውስጥ ካስገባችሁት ሞዬቴስ ሆነ ማለት ነው። ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም ደግሞ ቺላኪሌስ በቀይ ሳልሳ፣ አጠገቡ በዘይት የተሠራ ቦሎቄ፣ ያለ አይብና ያለ ክሬም፤ ምንም አልቀረበትም።

አሁን ስሞቹ ራሳቸውን ይፈታሉ። ለስለስ ተደርጎ በተጠበሰ ሙሉ ቶርቲያ ላይ እንቁላል፣ በላዩ ቀይ ሳልሳ፦ ራንቼሮስ። ሁለት እንቁላል፣ አንዱ ቀይ አንዱ አረንጓዴ ሳልሳ ለብሶ ቦሎቄው መሀላቸው እንደ ሽማግሌ ሲቀመጥ፦ ዲቮርሲያዶስ፣ የተፋቱት። ሞቱሌኞስ ዩካታን ውስጥ ካለችው ከሞቱል ከተማ የመጣ ሲሆን ጥቁር ቦሎቄ፣ አተር፣ ካም እና የተጠበሰ ሙዝ ይደረብበታል። ይሄኛው ለእኔ ይበዛብኛል።

ታማልን፣ ማለትም በቅጠል ተጠቅልሎ በእንፋሎት የሚበስለውን የማሳ ሊጥ፣ እቤት ሞክሩ አልልም፤ የቤተሰብ ዘመቻ ነው። ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ጠዋት ከመንገድ ዳር ይገዛል፣ በዳቦ ተሸፍኖ ጉዋሆሎታ ይሆናል፣ አቶሌ በሚባል ትኩስ የማሳ መጠጥ ይወርዳል። አቶሌውን ግን ከተረፈው የማሳ ዱቄት ትሠሩታላችሁ። ግማሽ ኩባያ ዱቄት መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡ፣ በቀጥታ ትኩስ ውስጥ ከገባ ይጓጉላል። ከዚያ 4 ኩባያ ወተት ወይም ውሃ ከቀረፋ እንጨትና ከቡናማ ስኳር ጋር አሙቁ፣ ብጥብጡን ጨምራችሁ እስኪወፍር 10 ደቂቃ ያህል አማስሉ። ቸኮሌት ከጣላችሁበት ስሙ ቻምፑራዶ ይሆናል፣ ልጆችም ሁለተኛ ኩባያ ይጠይቃሉ።