ያገለገለች ትንሽ መኪና ስለ መግዛት

በመጽሔታችን ላይ ስለ ታሪክ፥ ስለ ግብርናና ስለ ጤና አጠባበቅ ብዙ ይጻፋል። እኔ ግን ለዘንድሮው እትም ልጽፍ የተነሣሁት ከክፍል ውጭ ስለ ተማርሁት ነገር ነው፤ ይኸውም ያገለገለች ትንሽ መኪና ሲገዛ መታየት ስለሚገባው ጉዳይ ነው። ምናልባት «እኛ ተማሪዎች መኪና የምንገዛበት ገንዘብ ከወዴት አለን?» የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ የለንም። ነገር ግን አባቶቻችንና አጎቶቻችን መኪና ሲገዙ፥ ሊብሬውንም በመኪናው ብረት ላይ የተቀረጸውንም የፈረንጅ ፊደል እንድናነብላቸው የሚጠሩት እኛን ነው። እኔም በዚሁ ምክንያት ተጠራሁ፤ ተጠርቼም ለጥቂት ቀርቶ ቤተ ሰቤን ከትልቅ ጉዳት ላይ ልጥል ነበር።

አጎቴ በይፋግ አቅራቢያ ሩዝና ሽንኩርት የሚያመርቱ ገበሬ ናቸው። ለብዙ ዓመታት ካጠራቀሙት ላይ ሁለት በሬዎቻቸውን ሸጠው ጨመሩ። አክስቴም ከጉሊቷ ያተረፈችውን፥ እናቴም እኔን ከፍ ወዳለ ትምህርት ለመላክ ያስቀመጠችውን ሰጧቸው። ሐሳቡ ትንሽ መኪና ተገዝታ፥ መንጃ ፈቃድ ያለው የአክስቴ ልጅ ባሕር ዳር ላይ ሰው እያመላለሰ እንዲሠራባትና ገቢዋን እንዲካፈሉ ነበር። እንግዲህ ያ ከአንድ ሚሊዮን ብር በላይ የሆነ ገንዘብ የአንድ ሰው ሳይሆን የሦስት ቤት ገንዘብ ነበር።

የታሰበችው መኪና በከተሞቻችን የምትታወቀው የቶዮታ ቪትዝ ናት። ይህች መኪና ጃፓን አገር ለገበያ የወጣችው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን፥ በአውሮፓ ያሪስ ተብላ በ2000 እ.ኤ.አ. የዓመቱ ምርጥ የአውሮፓ መኪና የሚለውን ሽልማት አገኘች። በጃፓንም ቪትዝ የሚለው ስም በ2020 እ.ኤ.አ. ቀርቶ ያሪስ በሚለው ተተካ። ኋላዋ እንደ ሌሎች የቤት መኪናዎች የተዘረጋ አይደለም፤ ቁርጥ ያለ ሆኖ፥ የኋላ በሯ ከነመስታወቱ ወደ ላይ ይከፈታል። ስለዚህ የኋላው መቀመጫ ሲታጠፍ ሁለትና ሦስት ኩንታል ሽንኩርት መያዝ ትችላለች።

እንዲህ ያለችውን ትንሽ መኪና ኀይለኛ ሞተር ሰጥቶ ለፍጥነት ማዘጋጀት የቆየ ልማድ ነው። ከሁሉም ይበልጥ ስሟ የተነሣው ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሸጠችው የቮልስዋገን ጎልፍ ጂ ቲ አይ ናት፤ በ1.6 ሊትር ሞተር 110 የፈረስ ጉልበት ነበራት። ቶዮታም ለቪትዝ አር ኤስ የምትባል እኅት አበጀላት፤ 1.5 ሊትር ሞተር፥ ጠንከር ያለ ሞላና ሰፋ ያለ ጎማ ያላት ናት። ደላሎች «ስፖርት» ሲሉ ይህችን ማለታቸው ነው።

አሁን ለምን ያገለገለ ብቻ እንደሚፈለግ ላስረዳ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚመጡ ያረጁ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለ ሆነም ቀድሞ የገቡት ቪትዞች ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወራሉ፤ ሃያ ዓመት ያለፋትም መኪና ዋጋዋ አይወርድም። ዋጋዋ ካልወረደ ደግሞ እርጅናዋን በቀለም መሸፈን ለሻጩ ትርፍ አለው።

መንገዱ ሰላም በሆነበት ሰሞን አጎቴና እኔ ባሕር ዳር ሄድን። ደላላው ሁለት መኪናዎች አሳየን። አንደኛዋ ነጭ ናት፤ ወንበሯ የደበዘዘ፥ የፊት ፓራውልቷ የተጫረ ነው። ሁለተኛዋ ቀይ ናት፤ ከኋላዋ ክንፍ የተተከለላት፥ ዝቅ ብላ የተሠራች፥ ቸርኬዋ የሚያብረቀርቅ፥ በበሯም ላይ «አር ኤስ» የሚል የተለጠፈባት ናት። ማርሜታዋ ሲያጓራ ልቤ ከእኔ ጋር አልነበረም። «አጎቴ፥ ይችን ይግዙ! እውነተኛዋ ስፖርት እኮ ናት» አልኋቸው። እሳቸውም የተማረ ልጅ ተናገረ ብለው ለቀብድ የሚሆን ገንዘብ ከኪሳቸው አውጥተው መቍጠር ጀመሩ።

በዚህ መካከል የአክስቴ ልጅ አንድ በዕድሜ የገፉ መካኒክ ይዞ ደረሰ። መካኒኩም የሚቈጠረውን ገንዘብ አይተው «ወንድሜ፥ ብሩን ወደ ኪስዎ ይመልሱት። መኪና በዓይን አይገዛም» አሉ። ከዚያ በኋላ ያደረጉትን በተራ በተራ እጽፋለሁ፤ ማንም ሰው ሊያደርገው የሚችል ነውና።

አንደኛ፤ ሞተር የሚመረመረው ቀዝቅዞ ሳለ ነው። መካኒኩ እጃቸውን በቀይዋ ኮፈን ላይ ቢያኖሩ የሚያቃጥል ሆኖ አገኙት፤ ሻጩ እኛ ሳንደርስ አስነሥቶ አሙቋት ነበር። የሞቀ ሞተር ብዙ ሕመም ይደብቃልና እስኪበርድ ጠበቅን። ሲነሣ የሚወጣውን ጭስ ማየት ይገባል፤ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት ይቃጠላል፤ ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፤ ነጭ ሆኖ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካላቋረጠ የራዲያተር ውሃ ወደ ሞተሩ ይገባል፤ ጓርኒሲዮኑ ሳይበላ አልቀረም ማለት ነው። የዘይቱ ክዳን ሲከፈት ወተት የመሰለ ነገር ቢታይም ውሃና ዘይት ተቀላቅለዋል። ደግሞም የቪትዝ ሞተር ውስጡ በሰንሰለት የሚሠራ ስለ ሆነ፥ ሲነሣ እንደ ጠጠር የሚንኳኳ ድምፅ ከሰጠ በዘይት እጥረት የተጎዳ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፤ ላሜራውን በጣት መምታት ነው። ጤነኛ ላሜራ እንደ ቆርቆሮ ይጮኻል፤ በስቱኮ የተሞላው ግን እንደ ግድግዳ ይደነቁራል። ማግኔት ያለው ሰው ቢያስጠጋው በስቱኮው ላይ አይይዝም። የቀይዋ መኪና የፊት ቀኝ ጎን ከመብራቱ ጀምሮ እስከ በሩ ድረስ ድምፅ አልነበረውም።

ሦስተኛ፤ መሪው ነው። ጃፓኖች በመንገድ ግራ ስለሚነዱ የመኪናቸው መሪ በቀኝ ነው። እኛ ግን በ1956 ዓ.ም. ከግራ ወደ ቀኝ የተዛወርን ስለ ሆነ መሪያችን በግራ ነው። በዚህ ምክንያት ከጃፓን በዱባይ በኩል የመጡ ብዙ መኪናዎች መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ ነው። የመጀመሪያዋ ቪትዝ የፍጥነት መቍጠሪያዋ በክሩስኮቱ መካከል ስለሚገኝ ሥራው ከውጭ ሲታይ አያስታውቅም። ነገር ግን በሞተሩና በተሳፋሪው መካከል ያለው ብረት ተቈርጦ የተበየደ እንደ ሆነና የመሪው ዘንግ እንደሚወዛወዝ ማየት ያሻል። ማታም መብራቷን ግድግዳ ላይ አብርቶ ማየት ነው፤ ለግራ መንገድ የተሠራ መብራት ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይወጋል። የተዛወረ መሪ ሁሉ መጥፎ ነው አልልም፤ ብየዳው መጥፎ ከሆነ ግን መሪ በመንገድ ላይ መክዳት ማለት የሰው ሕይወት ነው። በቀይዋ ውስጥ ብየዳው የተሰነጠቀ ሆኖ ተገኘ።

አራተኛ፤ ቍጥሩን ማንበብ ነው። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍተው ከሞተሩ በስተኋላ ያለችውን ትንሽ ሰሌዳ አሳዩኝና «መነጽሬን አልያዝሁም፤ አንተ ተማሪ፥ በል አንብብልኝ» አሉ። እኔም «ኤስ ሲ ፒ 10» ብዬ አነበብሁ። ሽማግሌው ሣቁ። የመጀመሪያዎቹ ቪትዞች ሞተር በእነዚህ ፊደላት ይታወቃል፤ ኤስ ሲ ፒ 10 ባለ 1 ሊትር፥ ኤን ሲ ፒ 10 ባለ 1.3 ሊትር፥ ኤን ሲ ፒ 13 ደግሞ ባለ 1.5 ሊትሩ አር ኤስ ነው። ሊብሬው ሲገለጥም 997 ሲሲ ይላል። ስፖርት ያልኋት መኪና ክንፍ ተተክሎላትና ጽሑፍ ተለጥፎባት የተሸለመች ተራ ቪትዝ ነበረች! ፊደሉን ሳነብ ድምፄ እንዴት እንደ ተንቀጠቀጠ አጎቴ እስከ ዛሬ ያነሡብኛል።

አምስተኛ፤ ጎማና ከፍታ ነው። በጎማው ጎን ከተጻፉት ቍጥሮች መካከል አራቱ የተሠራበትን ጊዜ ይናገራሉ፤ ለምሳሌ 2319 ቢል በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ቅጠሉ ያላለቀ ጎማም ቢያረጅ ይሰነጠቃል። የቪትዝ ሆድ ከመሬት ያለው ርቀት ድሮውንም አንድ ስንዝር አይሞላም፤ ሞላዋ ተቈርጦ ዝቅ ያለች መኪና በአስፋልት ታምር ይሆናል እንጂ፥ በእኛ በፎገራ ሜዳ ዋልካ ላይ በክረምት አንድ ቀን አትውልም።

ስድስተኛ፤ ዳገት ላይ መሞከር ነው። ሜዳ ላይ ሁሉም መኪና ይሮጣል። ከባሕር ጠለል ወደ ላይ በወጣን መጠን አየሩ እየሳሳ ስለሚሄድ፥ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል። ባሕር ዳርና ይፋግ 1,800 ሜትር ያህል ላይ ናቸው፤ ደብረ ታቦር ግን 2,700 ሜትር ያህል ላይ ነው። ባለ 1 ሊትሯ ቪትዝ ፋብሪካው የሰጣት 70 ያህል የፈረስ ጉልበት በደብረ ታቦር ወደ 50 ይወርዳል፤ ባለ 1.3 ሊትሯ ግን ከ87 ወደ 65 ያህል ትወርዳለች። አራት ሰው ጭኖ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር የሚያወጣውን ዳገት ለሚወጣ ሰው ይህ ልዩነት በግልጽ ይታወቃል። እኛም ሁለቱን መኪናዎች በየተራ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ አወጣናቸው። ቀይዋ እየጮኸች ወደ ኋላ ቀረች፤ ፍሪሲዮኗም ሸተተ። ነጯ ባለ 1.3 ሊትር ስለ ነበረች ያለ ጩኸት ወጣች።

ሰባተኛና የመጨረሻው ወረቀቱ ነው። በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቍጥር በብረቱ ላይ ካለው ጋር አንድ በአንድ መመሳሰል አለበት። የባለቤቱ ስም ከመታወቂያው ጋር፥ የዓመቱ ቦሎም መታደሱ ይታያል። መኪናዋ በባንክ ወይም በፍርድ ቤት የታገደች፥ ወይም ያለ ቀረጥ የገባች እንዳትሆን ከተመዘገበችበት ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ነው። በ2005 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ መሠረት የሦስተኛ ወገን መድን ሳይኖራት በመንገድ ላይ ልትነዳ አይገባም። ስለ ቀብድም ሕጉ ግልጽ ነው፤ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን መሠረት፥ ሌላ ስምምነት ከሌለ፥ ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። መካኒኩ ትንሽ ዘግይተው ቢደርሱ ኖሮ የሁለት በሬ ዋጋ በእኔ አንደበት በቀረ ነበር።

ደላላው ተቈጣ፤ «ገበያ አበላሻችሁብኝ» አለ። አጎቴም ከእሱ ጋር አልተጣሉም፤ «እኛም የመጣነው ለማየት ነው፤ አየን» ብለው ነጯን ያዙ። ነጯም ጉድለት አልጠፋባትም፤ በሦስተኛው ወር የፊት አሞርዛተሮቿ ተቀየሩ፤ አንድ የጎማ ኩሽኔታም ተለወጠ። ይህንን ግን መካኒኩ አስቀድመው ነግረውን ስለ ነበር ከዋጋው ላይ አስቀንሰንበታል። የታወቀ ጉድለት ያላት መኪና ጉድለቷ ከተሰወረባት መኪና ትሻላለች።

መኪናዋ ዛሬም ባሕር ዳር ትሠራለች። በበዓል ጊዜ ወደ ይፋግ ስትመጣ ልጆች ይከቧታል፤ አንዳንዱም «ክንፍ ለምን የላትም?» ብሎ ይጠይቀኛል። የእናቴም ገንዘብ ጥቂት በጥቂት እየተመለሰላት ነው፤ ግማሹ ገና ይቀራል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ከእናንተም አንዱ እንደ እኔ «ና፥ አንብብልን» ተብሎ ይጠራ ይሆናል። በዚያን ጊዜ በበሩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ትታችሁ፥ በብረቱ ላይ የተቀረጸውን ፊደል አንብቡ። ካነበባችሁም በኋላ ያላወቃችሁትን አውቃለሁ አትበሉ፤ መካኒክ ጥሩ። እኔ ይህን ሳላውቅ በአጎቴ ገንዘብ ለመናገር ደፍሬ ነበርና።