ከቴንዳጉሩ የመጣው ግዙፍ አፅም

በበርሊን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አዳራሽ ውስጥ የቆመው፣ ቁመቱ 13.27 ሜትር የሚደርሰውና ጂራፋቲታን ተብሎ የሚጠራው የዳይኖሰር አፅም የተገኘው በአውሮፓ ሳይሆን፣ በዛሬዋ ታንዛኒያ ደቡብ ምሥራቅ፣ ቴንዳጉሩ በተባለ ኮረብታ አካባቢ ነው። ይህ አንገተ ረጅም ዕፅዋት በል እንስሳ ከ150 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት የኖረ ሲሆን፣ አጥንቶቹ በደለል ተቀብረው፣ ማዕድን ያዘለ ውኃ እየሰረገባቸው ወደ ድንጋይነት በመለወጣቸው ቅሪተ አካል ሊሆኑ ችለዋል።

አካባቢው በጀርመን ቅኝ አገዛዝ ሥር በነበረበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ከ1909 እስከ 1913 በተካሄደው ቁፋሮ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ አፍሪካውያን ሠራተኞች አጥንቶቹን ከመሬት አውጥተው፣ የቀናት መንገድ በእግር ተሸክመው ሊንዲ ወደተባለው ወደብ አድርሰዋል፤ አፅሙን ለሚያደንቅ ጎብኚ ከሁሉ አስቀድሞ ሊነገረው የሚገባውም የእነዚህ ሰዎች ድካም ነው።

አፅሙ እ.ኤ.አ. በ1937 ተገጣጥሞ ሲቆም የፊት እግሮቹ ክርናቸው ወደ ውጭ ታጥፎ፣ ጅራቱም መሬት ለመሬት ተጎትቶ ነበር፤ ስለ እንስሳው አቋም የነበረው ዕውቀት በመሻሻሉ ግን፣ እ.ኤ.አ. በ2007 በተጠናቀቀው እድሳት እግሮቹ ቀጥ ብለው፣ ጅራቱም ከመሬት ከፍ ብሎ እንዲታይ ተደርጓል። ከላይ የሚታየው የራስ ቅልም በአምሳያ የተተካ ነው።