ከጨው ሜዳ እስከ ሞጣ፦ የቅፍለት ገጠመኝን ለሚና ጨዋታ ማቀድ



የዛሬው ንግግሬ ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ስለ ጨዋታ ነው፤ ያውም ስለ ምናባዊ ዓለም ጨዋታ። ሆኖም የሚያነሣው ጥያቄ የታሪክና የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ከሚጠይቀው የራቀ አይደለም፦ በረሃ አቋርጦ የሚሄድ ነጋዴ በመንገዱ ላይ ምን ይገጥመዋል? ገጠመኙስ ትርጉም የሚኖረው መቼ ነው? መልሱን ከዳሎል የጨው ሜዳ ተነሥቶ ወደ ሞጣና ወደ ብቸና ከሚያደርሰው የንግድ ጉዞ ልፈልግ አስቤአለሁ።

አስቀድሜ ጨዋታውን ላስተዋውቅ። በጠረጴዛ ዙሪያ በሚደረግ የሚና ጨዋታ ጥቂት ሰዎች ይሰበሰባሉ። አንዱ ተራኪና ዳኛ ይሆናል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው የአንድ ገጸ ባሕርይን ሚና ይይዛሉ። ተራኪው ሁኔታውን ይገልጻል፤ ተጫዋቾቹ ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ፤ ውጤቱ አጠራጣሪ ሲሆን ዳይስ ይጣላል። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የደረሱት፣ በ1974 እ.ኤ.አ. የታተመው «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የዚህ ዐይነት ጨዋታ በኩር ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. ለዚሁ ጨዋታ የወጣው «ዳርክ ሰን» የተሰኘው ምናባዊ ዓለም ደግሞ በአመዛኙ በረሃ ነው።

በጨዋታው አነጋገር ገጠመኝ ማለት ጉዞው ተገትቶ ተጫዋቾቹ መወሰን ግድ የሚሆንባቸው ቅጽበት ነው። የተለመደው አሠራር ሰንጠረዥ አዘጋጅቶ ዳይስ መጣል ነው፦ 1 ከወጣ ሽፍታ፣ 2 ከወጣ የአሸዋ ማዕበል፣ 3 ከወጣ ጊንጥ። የዚህ አሠራር ጉድለት ገጠመኙን ከቅፍለቱ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለመኖሩ ነው። ቅፍለቱ ጨው ቢጭን ወርቅ፣ በጥቅምት ቢነሣ በሰኔ፣ ሽፍታው ያው ሽፍታ ነው። ተጫዋቹ ይዋጋል፤ ያሸንፋል፤ ይረሳዋል።

እኔ የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው፤ ጥሩ ገጠመኝ ቅፍለቱ ከጫነውና ከሚያጣው ነገር ይወለዳል። ስለዚህ ተራኪው ሰንጠረዡን ከማዘጋጀቱ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ይመልስ። ቅፍለቱ ምን ጭኗል? በመንገድ ላይ ምን ያልቅበታል? «አታልፍም» ሊለው የሚችለው ማን ነው?

ከመጀመሪያው ጥያቄ ልጀምር። በአፋር ዝቅተኛ ቦታ፣ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ በሚገኘው የዳሎል አካባቢ፣ ጨው ከመሬት እየተፈነቀለ በአራት ማዕዘን ይጠረባል። ፈንቃዩ ሌላ፣ ጠራቢው ሌላ፣ ጫኚው ሌላ ነው። አፋሩ የምድሩ ባለቤትና የመንገዱ ዐዋቂ ነው፤ ከደጋ የወረደው ነጋዴ ደግሞ ግመልና ገበያ አለው። አንዱ ያለ ሌላው አይሆንለትም። እዚህ ላይ ተራኪው አንድ ነገር ልብ ይበል፦ የመጀመሪያው ገጠመኝ ጠብ ሳይነሣበት ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ጠራቢዎቹ ሥራ ቢያቆሙ ቅፍለቱ በዚያ ሐሩር ምን ያህል ቀን መታገሥ ይችላል? ማንስ ያስታርቃል?

ከዚያ ሜዳ የወጣው አሞሌ ጨው ሸቀጥ ብቻ አልነበረም፤ ለብዙ መቶ ዓመታት በገበያ እንደ ገንዘብ አገልግሏል። ከምንጩ በራቀ ቁጥርም ዋጋው ይጨምር ነበር። በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. አገራችንን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይህንኑ መዝግቧል። ለጨዋታ አዘጋጅ ይህ ትልቅ ሀብት ነው። አሞሌ የጫነ ነጋዴ ቀለቡንም ቀረጡንም የሚከፍለው ከጭነቱ ቀንሶ ነው። ቶሎ ቢከፍል በርካሽ ዋጋ ከፈለ፤ እስኪርቅ ቢያቆየው ደግሞ ሊሰበርበት፣ ሊረጥብበት፣ ሊዘረፍበት ይችላል። ተጫዋቾቹ በየማደሪያው «ስንት አሞሌ ቀረን?» ብለው መቁጠር ከጀመሩ ተራኪው ግማሽ ሥራውን ጨርሷል።

ሁለተኛው ጥያቄ የሚያልቀውን ነገር ይመለከታል፤ በበረሃ ይህ ከሁሉ በፊት ውሃ ነው። ኢብን ባጡጣ በ1352 እ.ኤ.አ. ሰሐራን ሲያቋርጥ ያየውን እንመልከት። ቅፍለቱ «ተክሺፍ» የሚባል መልእክተኛ በ100 ምስቃል ወርቅ ቀጥሮ ብቻውን ወደ ወላታ ይልከዋል። መልእክቱ ሲደርስ የከተማው ሰዎች የ4 ሌሊት መንገድ ውሃ ይዘው ወጥተው ቅፍለቱን ይቀበላሉ። መልእክተኛው በመንገድ ከጠፋ ግን ወላታ ስለ ቅፍለቱ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ተጓዦቹም ሊያልቁ ይችላሉ። በዚህ ገጠመኝ ጭራቅ የለም፤ ሰይፍ የሚመዝም የለም። ነገር ግን «ማንን እንላክ?» የሚለው ጥያቄ የተጫዋቾችን ጠረጴዛ አንድ ሙሉ ምሽት ሊያከራክር ይችላል። ከመካከላቸው አንዱ «እኔ እሄዳለሁ» ካለ ደግሞ ክርክሩ ወደ ስንብት ይለወጣል።

ሦስተኛው ጥያቄ ስለ ከልካዩ ነው። ከልካይ የግድ ጠላት አይደለም። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጻፈው ነጋዴ ኮስማስ ኢንዲኮፕሌውስቴስ የአክሱም ንጉሥ በአገው ገዥ በኩል ወርቅ ወዳለበት ወደ ሳሱ ስለሚልካቸው ነጋዴዎች ይተርካል። ከ500 በላይ ሆነው በሬ፣ ጨውና ብረት ይዘው ይሄዳሉ። ከስፍራው ሲደርሱ የእሾህ አጥር ያጥራሉ፤ በሬዎቹን አርደው ሥጋውን፣ ጨውንና ብረቱን በአጥሩ ላይ ያኖራሉ። የአገሩ ሰዎች መጥተው ከወደዱት ዕቃ አጠገብ ወርቅ ያስቀምጡና ፈቀቅ ይላሉ። ባለ ዕቃው ወርቁ ከበቃው ያነሣዋል፤ ካልበቃው ይተወዋል፤ እነርሱም ይጨምራሉ ወይም ወርቃቸውን ወስደው ይሄዳሉ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ቋንቋ ለቋንቋ ሳይግባቡ ነው። ይህን ገጠመኝ በጨዋታ ለማስገባት የሚያስፈልገው አንድ ሕግ ብቻ ነው፦ ግብይቱ እስኪያልቅ ድረስ ከተጫዋቾቹ ማንም እንዳይናገር። ኮስማስ አክሎ እንደሚነግረን፣ የመልሱ ጉዞ ጥድፊያ የበዛበት ነበር፤ ነጋዴዎቹ ክረምቱና የወንዞቹ ሙላት እንዳይቀድማቸው ይፈሩ ነበርና።

ይህ ፍርሃት ወደ ጎጃም ያመጣናል። ግመሉ ጨዉን ከበረሃው ያወጣል፤ ደጋውን የሚያያይዘው ግን አህያና በቅሎ ነው። ነጋዴውም ከእንግዲህ «ሲራራ» ይባላል። ከበጌምድር ወደ ምሥራቅ ጎጃም ለሚገባ ሰው ከዐባይ መሻገሪያዎች አንዱ ከሞጣ ብዙ ሳይርቅ የሚገኘው፣ ዛሬ «ሰባራ ድልድይ» የምንለው ነው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን እንደተሠራ ይነገራል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ተሰበረ፤ ከዚያ በኋላ ለረጅም ዓመታት ሰዉ ከወንዙ በላይ በገመድ እየተጎተተ ሲሻገር ኖሯል። በበረሃ ሕይወት የነበረው ውሃ እዚህ የጨው ጠላት ይሆናል። ስለዚህ የበረሃ ቅፍለትን የሚያቅድ ሰው ታሪኩን አሸዋው ካለቀበት ላይ እንዳያቆም እመክራለሁ። የመጨረሻው ገጠመኝ ያለው ከወንዙ ዳር ነው።

ሦስቱን ጥያቄዎች በአንድ ላይ የሚያሳይ ምሳሌ ልስጥ። ጊዜው የግንቦት መጨረሻ ነው። 30 አህዮች አሞሌ ጭነው ከመሻገሪያው ደርሰዋል፤ በላይኛው አገር ሰማዩ ጠቁሯል። የኬላው ሹም ቀረጡን በሙሉ አሞሌ ካልሆነ አልቀበልም ይላል፤ ከተሰበረው ግን ብዙ አለ። ሽማግሌው ነጋድራስ ሌላ ሲራራ እስኪደርስ ጠብቀን፣ በርክተን እንሻገር ባይ ነው። ተጫዋቾቹ ዛሬ ቢሻገሩ ገደሉን ሽፍታ ቢጠብቅባቸው የሚያግዛቸው የለም። ቢቆዩ በየቀኑ ከጭነቱ እየቀነሱ ይበላሉ፤ ዝናቡም ይቀርባል። ግማሹን ጭነት ለአካባቢው ሰው አደራ ሰጥተው ቢያልፉ ደግሞ አደራው የሚጸናው በማን ዋስትና ነው? ከዚህ ሁሉ ውስጥ ለዳይስ የሚተወው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዝናቡ የሚጥልበት ቀን። የቀረው የሰው ውሳኔ ነው። ወንዙን ያለፈ ሲራራ ሞጣ ላይ ያራግፋል፤ ወይም በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ብቸና ይዘልቃል፤ የአሞሌው ዋጋ በምን ያህል እንዳደገም ያኔ ይታያል።

አሁን ስለ ጭነቱ አንድ ከባድ ነገር መናገር አለብኝ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ታላቅ በነበረው በባሶ ገበያ ከቡና፣ ከዝባድና ከወርቅ ጋር ሰዎችም ተሽጠዋል። በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. በጎጃም የቆየው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ ስለዚህ ገበያ ጽፏል። ምናባዊ ዓለም የሚፈጥር ሰው ይህን እንደ ጌጥ ሊጠቀምበት አይገባም፤ እንዳልነበረ አድርጎ ሊያልፈውም አይገባም። ካስገባው በባርነት የተያዘው ሰው ስም፣ ፈቃድና የመናገር ዕድል ይኑረው። ተጫዋቾቹም ከገጠመኙ በፊት ይጠየቁ፤ በጠረጴዛው ዙሪያ ከተቀመጡት መካከል ጉዳዩ የቤተ ሰቡ ታሪክ የሆነ ሰው ሊኖር ይችላልና።

ነጋዴውም ቢሆን ጥንቃቄ ይሻል። በብዙ የምናብ ጨዋታዎች ጥምጥም ያሰረው የቅፍለት ነጋዴ ወይ አታላይ ነው ወይ ምሥጢረኛ እንግዳ። በእኛ አገር ግን ሙስሊሙ ሲራራ ነጋዴ በገበያው የሚጠበቅ፣ አደራ የሚሰጠው፣ ጎረቤት የሆነ ሰው ነበር። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በሞጣ መስጊዶችና የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆች መቃጠላቸውን ለምናስታውስ ሰዎች ይህ ልዩነት የጨዋታ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጎረቤቱን በተረት እንግዳ አድርጎ የለመደ አእምሮ በእውኑ ዓለምም እንግዳ ሊያደርገው አይቸገርም።

ስለዚህ ውድ ተማሪዎች፣ ቅፍለት ስታቅዱ ከጭራቁ አትጀምሩ። ጭነቱን ቁጠሩ፤ የውሃውን ርቀት ለኩ፤ ክረምቱ የሚገባበትን ቀን ጻፉ፤ «አታልፍም» ለሚለው ሰው በቂ ምክንያት ስጡት። ይህን ካደረጋችሁ ተጫዋቾቻችሁ ሰይፍ ሳይመዝዙ ልባቸው ይመታል። ከዚያ በኋላ ሽፍታ ቢመጣ እንኳ ምን ሊወስድ እንደመጣ፣ እነርሱም ምን እንደሚያጡ አስቀድመው ያውቃሉ።