በሩ አንድ ብቻ አይደለም

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ አበው። ይሁንና ልጅ የዩኒቨርስቲ መግቢያ ውጤት ሳይመጣላት ሲቀር ትምህርቷ እዚያው ያበቃል ማለት ነውን? ይህ ጥያቄ ዛሬ የብዙ እናቶችን እንቅልፍ የሚነሳ ነው።

በዳንግላ ገበያ ቅመማ ቅመም የምትሸጥ አንዲት እናት እንዲህ አለችን፤ «የልጄ የ12ኛ ክፍል ውጤት ከግማሽ ሳይደርስ ቀረ። ጎረቤቴ ‹እንግዲህ ምን ትጠብቂያለሽ፣ ዳሪያት› አለችኝ። እኔ ግን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ ነው የተዳርኩት፤ ያየሁትን አውቃለሁ።»

ውድ እናቶች፣ በመጀመሪያ ልጃችሁ ብቻዋን እንዳልሆነች ዕወቁ። በ2014 ዓ.ም 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ100 ተፈታኞች 3 ያህል ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም እንኳ 8 ያህል ናቸው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ደግሞ የብዙ ትምህርት ቤቶች በር ተዘግቶ ከርሟል። ታዲያ ውጤት ያነሳትን ልጅ ሁሉ ሰነፍ ማለት ግፍ አይሆንም?

ቀጥሎ ያሉትን በሮች እንመልከት። በአዊ ዞን የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች አሉ። በእንጅባራ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ይገኛል። እንጅባራ ዩኒቨርስቲም በ2010 ዓ.ም ማስተማር ጀምሯል። ችግሩ ከኮሌጁ ወደ ዩኒቨርስቲው የሚያሻግረው ድልድይ ላይ ነው።

በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ግዛት፣ የማኅበረሰብ ኮሌጅ ተማሪ የታዘዙትን ትምህርቶች በተወሰነው ውጤት ካጠናቀቀች ይህን ዋስትና ከሚሰጡት 6 የግዛቲቱ ዩኒቨርስቲ ካምፓሶች የመረጠችው አንዱ እንደሚቀበላት አስቀድሞ በጽሑፍ ያረጋግጥላታል። ሁለት ዓመት በኮሌጅ፣ ሁለት ዓመት በዩኒቨርስቲ ተምራ ዲግሪዋን ትይዛለች። በእኛ አገር እንዲህ ያለው ዋስትና ገና አልተለመደም። ደረጃው ግን ጨርሶ የለም አይባልም። በዲፕሎማ የተመረቁ ብዙ መምህራን በክረምት እየተማሩ ዲግሪያቸውን ይዘዋል። አዲስ አበባ የሚገኘው የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ኢንስቲትዩትም በሙያው ያለፉትን በዲግሪ ያስተምራል። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ ሪሜዲያል የሚባለው የማካካሻ ትምህርት ለአንዳንዶች ሁለተኛ ዕድል ሆኗል። ባሕር ዳር ዩኒቨርስቲ ራሱ በ1955 ዓ.ም ከተቋቋመው ፖሊቴክኒክና ኋላ ከመጣው የመምህራን ኮሌጅ ተዋሕዶ በ1992 ዓ.ም የተመሠረተ አይደለምን? ሙያና ዩኒቨርስቲ ባዕዳን አይደሉም።

እንግዲህ ምን ታደርጉ?

አንደኛ፣ ከመመዝገብ በፊት ጠይቁ። «ከዚህ የተመረቀች ወደ ዲግሪ ለመሸጋገር ምን ማሟላት አለባት?» በሉ፤ መልሱን ከኮሌጁ ሬጅስትራር እንጂ ከደላላ አትስሙ። መመሪያ ይለዋወጣልና የዘንድሮውን ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ «ገንዘብ ክፈሉ እንጂ ዩኒቨርስቲ እናስገባታለን» የሚላችሁን አትመኑ። የግል ኮሌጅ ከሆነ በዚያ የትምህርት መስክ ከሚመለከተው ባለሥልጣን ፈቃድ እንዳለው አረጋግጡ። ፈቃድ በሌለው መስክ የተገኘ ወረቀት ልጅቱንም ገንዘቡንም ያሳጣል።

ሦስተኛ፣ ልጅቱ ሥልጠናዋን ስትጨርስ የብቃት ምዘናውን፣ ሲኦሲ የሚሉትን፣ ሳትወስድ አትቅር። የውጤት ወረቀቶቿን ሁሉ በአንድ ፋይል አስቀምጡላት። ነገ በሩ ሲከፈት በእጇ ምን አለ የሚለው ይወስናል።

አራተኛው ለአባቶችም ጭምር ነው። ከኮሌጅ ስትመለስ ውኃና እንጨት፣ ሊጥና እቃ አጠባ የሚጠብቃት ከሆነ መቼ ታጥና? ወንድሟም ምድጃ ዳር ይቀመጥ፤ አይቃጠልም።

ያቺ የዳንግላ እናት ልጇን አልዳረችም። ልጅቱ የኤሌክትሪክ ሥራ እየተማረች ነው። ባለፈው ወር «ዳሪያት» ያለችው ጎረቤት የተበላሸ የእንጀራ ምጣዷን ይዛ መጣች፤ ልጅቱም ጠገነችላት። እናቲቱ ይህን ስትነግረን ሳቀች፤ ወዲያው ግን ፊቷ ከበድ አለ። «ዩኒቨርስቲውስ ይቀበላት ይሆን?» ስትል ጠየቀችን።

ዋስትና ልንሰጣት አልቻልንም። አንድ ነገር ግን ነገርናት፤ ቤት የተቀመጠች ልጅ ወደየትኛውም በር አትደርስም፤ የምትማር ልጅ ግን መንገድ ላይ ናት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። እናንተም እናቶች፣ ነገ ጠዋት ልጃችሁን አስከትላችሁ የኮሌጁን ደጃፍ ርገጡ።