ልጆቻችን ለኤላት ሲመደቡ፦ ከመፈረምዎና ከመግዛትዎ በፊት

ኤላት ደሴት አይደለችም። ቢሆንም ፊቷ ቀይ ባሕር፣ ግራና ቀኟ የግብፅና የዮርዳኖስ ድንበር፣ ጀርባዋ በረሃ ነውና፣ ከፔታህ ቲክቫ ልጁን ለሚሸኝ ወላጅ ከደሴት አትለይም። መንገዱ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ባቡርም አይደርስበትም። በዕድሜ የገፉት አንባቢዎቻችን፣ ድሮ ልጁ ለአሰብ ወይም ለዳህላክ የተመደበበት ሰው እንዴት ይሆን እንደነበር ያስታውሳሉ። የአሁኑ እንደዚያ አይደለም፤ ስልኩ አለ፣ ከ2019 ጀምሮም የራሞን አውሮፕላን ማረፊያ አለ። አሁን የሚያስቸግረው ገንዘቡና ፊርማው ነው።

ሰሞኑን በዮሴፍታል ሰፈር የሚኖሩ እናትና አባት ጥያቄ ይዘው መጡ። ልጃቸው በቋሚ ሠራዊት (ቅቫ) ያገለግላል፤ ተዛውሮ ኤላት ተመድቧል። ምራታቸው ከሠራዊት ከተሰናበተች 14 ወሯ ነው፤ እዚሁ በአንድ መዋዕለ ሕፃናት ከአንድ ዓመት በላይ ሠርታለች። አባትየው ለቤቱ ኪራይ ዋስ እንዲሆኑ ተጠይቀዋል። በዚያ ላይ የልብስ ማጠቢያ በስልክ ገዝተው ከፍለዋል፤ ዕቃው ገና አልደረሰም።

ከፊርማው እንጀምር። በ2017 የወጣው የኪራይ ሕግ አከራዩ በጥሬ ገንዘብ ወይም በባንክ ዋስትና የሚይዘውን መጠን ወስኖታል። ከውሉ ዘመን ኪራይ ሲሶው ወይም የሦስት ወር ኪራይ፣ ከሁለቱ ከሚያንሰው መብለጥ የለበትም። ለምሳሌ ኪራዩ በወር 4,000 ሰቅል ሆኖ ውሉ የአንድ ዓመት ቢሆን፣ ሲሶው 16,000፣ የሦስት ወሩ 12,000 ነው፤ ስለዚህ አከራዩ ከ12,000 በላይ መያዝ አይችልም። ቤቱን ሲለቁም በ60 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት። ደላላውን የቀጠረው አከራዩ ከሆነ ደግሞ የደላላውን ዋጋ ከተከራዩ መጠየቅ አይፈቀድለትም።

ለወላጅ አደገኛው ግን ሽታር ሖቭ የሚባለው የዕዳ ወረቀት ነው። ይህ ጣሪያ እሱን አይነካውም። የገንዘቡ ቦታ ባዶ ሆኖ ከቀረበልዎ፣ ምንም ያህል ቢቸኩሉብዎ፣ አይፈርሙ። መጠኑ በቁጥርም በፊደልም ይጻፍ፤ ለየትኛው ውል እንደሆነም ይጠቀስ፤ አንድ ቅጂ ከእርስዎ ዘንድ ይቅር። ዕብራይስጡ ከከበደ ልጁ ሳይሆን ሌላ ሰው ያንብብልዎ። ልጅ ቤቱን ለማግኘት ስለሚጓጓ አንዳንዱን መስመር ዘሎ ያልፋል።

የልብስ ማጠቢያው ነገር የተሻለ ነው። በ1985 በወጣ ሕግ ኤላት ነፃ የንግድ ቀጠና ናት፤ እዚያ ለሚሸጥ አብዛኛው ዕቃና አገልግሎት ማዓም አይከፈልም። ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ማዓም 18 በመቶ ስለሆነ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ሆኖም ሁሉም ዕቃ ነፃ አይደለም፣ ነፃ የሆነውም ሁልጊዜ ርካሽ አይደለም፤ ሻጩን «ይህ ዋጋ ያለ ማዓም ነው?» ብሎ ጠይቆ ከዚህኛው ጋር ማስተያየት ነው። አባትየው 67 ዓመታቸው ነው። ዕድሜው ከ65 በላይ የሆነ ሰው ከሻጩ ጋር ተነጋግሮ በስልክ የገዛውን እስከ አራት ወር መሰረዝ ይችላል፤ ለአብዛኛው ሌላ ሰው ግን 14 ቀን ብቻ ነው። የመሰረዣው ክፍያም የዋጋው 5 በመቶ ወይም 100 ሰቅል፣ ከሁለቱ የሚያንሰው ነው። እናትየው ይህን ሲሰሙ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው።

ምራቲቱ የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤዋን አርቅቃ ነበር፤ «በራሴ ፈቃድ ለቅቄያለሁ» ይላል። እንዲህ ተጽፎ ከገባ ብዙ ያስቀራል። ቢያንስ አንድ ዓመት የሠራ ሰው የትዳር ጓደኛው በቋሚ ሠራዊት ተዛውሮ ቤት ለመቀየር ሲገደድ፣ ሕጉ ልክ እንደተሰናበተ ቆጥሮ ፒትሱይም ሊያሰጠው ይችላል። ስለዚህ ምክንያቱ በደብዳቤው ላይ ይጻፍ፣ የምደባው ወረቀትም ይያያዝ። ቢቱአሕ ለኡሚም ያለ በቂ ምክንያት ለለቀቀ ሰው የሥራ አጥ ክፍያውን 90 ቀን ያዘገያል። ደብዳቤው ከመግባቱ በፊት የሕግ ምክር መጠየቅ ይገባል።

ሌላም አለ። የተሰናበተ ወታደር በሁለት ዓመት ውስጥ «አቮዳ ሙዕዴፌት» በተባሉት ሥራዎች ስድስት ወር ከሞላ ስጦታ ይከፈለዋል። ከነዚህ ሥራዎች አንዱ ሆቴል ነው፤ ኤላት ደግሞ የሆቴል ከተማ ናት። ልጅቷ የቀራት አሥር ወር ነው። ስለዚህ ዕቃ አስተካክላ እስክትጨርስ ሳትጠብቅ ቶሎ ብትጀምር ይሻላታል፤ የሥራው ዓይነትና የሰዓቱ ብዛት እንደሚቆጠርላት ግን አስቀድማ ታረጋግጥ። ፒካዶኑን ለኪራይ አገኘዋለሁ ብላ አስባ ነበር። እስከ አምስት ዓመት ድረስ ለትምህርት፣ ለሠርግ፣ ለቤት መግዣና ለመሳሰሉት እንጂ ለኪራይ አይወጣም።

አድራሻቸውን ቶሎ ይቀይሩ። የኤላት ነዋሪ እዚያው ሠርቶ ከሚያገኘው ገቢ እስከ ተወሰነ ጣሪያ 10 በመቶ የግብር ቅናሽ አለው፤ መታወቂያው ላይ ፔታህ ቲክቫ እያለ ግን ነዋሪነቱን ማስረዳት ይከብደዋል። ኩፓት ሆሊሙም አብሮ ይዛወር። እዚያ ያለው ሆስፒታል ስሙ ዮሴፍታል ነው፤ ሰፈራችን በተጠራበት በዚያው ሰው በጊዮራ ዮሴፍታል። እናትየው በዚህ ትንሽ ተጽናኑ።

በርበሬውንና ሽሮውን ከዚህ ይላኩ። ለእንጀራው ግን ምራትዎን ያስጠንቅቁ፤ በኤላት ሙቀት ሊጡ ቶሎ ይቦካል፣ እዚህ በለመደችው ቀን ከጠበቀች ይኮመጥጣል። ልትጠይቋቸው ስትሄዱም የአውቶቡሱን ቦታ አስቀድማችሁ ያዙ። ዓርብ የመጨረሻው በጊዜ ይነሣል።