ጡረታ፣ ዳረጎት፣ ተተኪ፦ የማኅበራዊ ዋስትና ቃላት ከአዲስ አበባ እስከ ፊልቱ

አንድ ሕግ በአንድ ቋንቋ ተደንግጎ በልዩ ልዩ ቋንቋዎች በሥራ ላይ በሚውልበት አገር፣ የሙያ ቃል ፍች የመዝገበ ቃላት አዘጋጆችን ብቻ የሚመለከት ጉዳይ ሆኖ አይቀርም። ቃሉ ከተሳተ ባለመብቱም መብቱን ይስታል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አስተዳደር የሚሠራባቸውን ዋና ዋና ቃላት አንድ በአንድ እያነሣን ፍቻቸውን እንመረምራለን፤ ወደ ኦሮምኛና ወደ ሶማልኛ ሲመለሱ ምን ዓይነት ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግም እናመለክታለን። ለማስረጃነት የመረጥነው በደቡባዊው ቆላ ያሉትን የነገሌ ቦረናንና የፊልቱን መንገድ ነው።

በኢትዮጵያ የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ ዘመናዊ መልክ የያዘው በ1953 ዓ. ም. በወጣው ድንጋጌ ቁጥር 46 እና ይህንኑ ተከትሎ በወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1955 ነው። ከዚያ ወዲህ ሕጉ በተደጋጋሚ ተሻሽሏል። አዋጅ ቁጥር 714/2003 ለአሥር ዓመታት ያህል ሲሠራበት ቆይቶ በአዋጅ ቁጥር 1267/2014 ተተክቷል። ሥራውን የሚያከናውነው መሥሪያ ቤትም ስሙ ከጊዜ ወደ ጊዜ ተለዋውጦ ዛሬ የመንግሥት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ይባላል። ከዚህ ላይ የምናተኩረው በቁጥሮቹ ሳይሆን በቃላቱ ላይ ስለሆነ፣ ለምሳሌ የምንጠቅሳቸው መቶኛዎች በ2003ቱ አዋጅ የተወሰኑት ናቸው። ተርጓሚው ለሥራው በሚጠቀምበት ጊዜ በሥራ ላይ ካለው ሕግ ጋር ማመሳከር ይኖርበታል።

ጡረታው የፌዴራሉንም የክልሎችንም መንግሥት ሠራተኞች በአንድነት ያቅፋል። ስለዚህ በኦሮሚያ ክልል በነገሌ ተቀጥሮ ያገለገለ፣ በኋላም የሶማሌ ክልል የሊበን ዞን ዋና ከተማ ወደሆነችው ወደ ፊልቱ ተዛውሮ የሠራ አንድ መምህር ቢኖር፣ የግል ማኅደሩ ሦስት ቋንቋ ይዞ ይጓዛል። የቅጥሩ ደብዳቤ በኦሮምኛ፣ የዝውውሩና የደመወዙ ማስረጃ በሶማልኛ፣ የጡረታው ውሳኔ ደግሞ በአማርኛ ሊጻፍ ይችላል። በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ በሚወጡት ሕጎች የአማርኛው ቅጂ የመጨረሻ ሥልጣን ያለው በመሆኑ፣ ክርክር ቢነሣ የሚፈረደው በአማርኛው ቃል ፍች ነው። የአማርኛውን ቃል በትክክል መፍታት ከሁሉ መቅደም የሚገባውም በዚህ ምክንያት ነው።

1. ጡረታ

ቃሉ የወጣው «ጦረ» ከሚለው ግሥ ነው፤ ይህም በግእዝ «ጾረ»፣ ማለትም «ተሸከመ፣ ቻለ» ከሚለው ጋር ይዛመዳል። ልጅ ወላጁን ይጦራል፤ ጧሪ ቀባሪ ያጣ ሰው ይታዘንለታል። ኦሮምኛውም በዚሁ መንገድ ሄዶ «ሶሩ»፣ ማለትም መመገብ፣ ከሚለው ግሥ «ሶረማ» የሚለውን ስያሜ አውጥቷል። ሶማልኛ ግን «ሀውል» (ሥራ) እና «ገብ» (መተው፣ መቅረት) የሚሉትን አጣምሮ «ሀውልገብ» ይላል። ዓረብኛው «ተቃዑድ» መቀመጥን መሠረት ሲያደርግ፣ አውሮጳውያን የሚጠቀሙበት «ፔንሲዮን» ደግሞ መመዘንንና መክፈልን ከሚያመለክት የላቲን ቃል የመጣ ነው።

እንግዲህ አንዱ ቋንቋ መጦርን፣ ሌላው ከሥራ መለየትን፣ ሦስተኛው ክፍያን ይዞ ይነሣል። ከዚህ ሁለት ችግሮች ይከተላሉ። አማርኛውና ኦሮምኛው ገንዘቡ የመንግሥት ቸርነት እንደሆነ ያስመስላሉ፤ ሠራተኛው በየወሩ ያዋጣበት መብት መሆኑ ይደበዝዛል። ሶማልኛው ደግሞ ከሥራ መለየትን ስለሚያስቀድም፣ አንድ ቀን እንኳ በመንግሥት ሥራ ላይ ላልዋለች መበለት ወይም ለሕፃን ልጅ የሚከፈለውን ገንዘብ በዚህ ስም መጥራት ሰሚውን ያደናግራል።

አማርኛው ራሱም አሻሚነት አለው። «ጡረታ» ሁኔታውንም ገንዘቡንም ይጠራል። «ጡረታ ወጥቶ ጡረታው ሳይወጣለት ቀረ» ሲባል አማርኛ ተናጋሪ ያለ ችግር ይረዳል፤ ቃል በቃል የሚመልስ ተርጓሚ ግን ይሰናከላል። በመሆኑም ሁኔታውን «ጡረታ መውጣት»፣ ገንዘቡን «የጡረታ አበል» እያሉ ለይቶ መጻፍ ይበጃል።

2. መዋጮ፣ ደመወዝ፣ አበል

«መዋጮ» በዕቁብና በዕድር የታወቀ ቃል ነው። በዕድር ግን አባሉ ፈቅዶ ሲያዋጣ፣ የጡረታ መዋጮ በሕግ ግዴታ ከደመወዝ ላይ ይቆረጣል፤ አሠሪው መሥሪያ ቤትም የራሱን ድርሻ ይጨምራል። ድርሻው በ1955ቱ አዋጅ ሠራተኛው 4 በመቶ፣ መንግሥት 6 በመቶ ነበር። በ2003ቱ አዋጅ ቀስ በቀስ አድጎ ለሲቪል ሠራተኛው 7 በመቶ፣ ለአሠሪው 11 በመቶ ደርሷል። በትርጉም ላይ «የሠራተኛው መዋጮ» እና «የአሠሪው መዋጮ» ተለይተው ካልተጻፉ፣ ባለመብቱ በስሙ የሚገባው ገንዘብ ከደመወዙ የተቆረጠው ብቻ ይመስለዋል።

«አበል» ደግሞ ብዙ ሙያ ያለበት ቃል ነው። የውሎ አበል አለ፤ በቆላ ለሚሠሩ የሚከፈል የበረሃ አበል አለ፤ የጡረታ አበልም አለ። ጡረታ የሚሰላው ለመደበኛ ሥራ በሚከፈለው ደመወዝ ነው፤ የበረሃ አበል በስሌቱ ውስጥ አይገባም። በፊልቱ ሲሠራ ኖሮ በየወሩ በእጁ የሚገባውን ገንዘብ ሁሉ «ደመወዝ» ብሎ የለመደ ሠራተኛ፣ የጡረታው መጠን ሲነገረው የተበደለ ቢመስለው አያስደንቅም። ስለዚህ «አበል» የሚለውን ቃል ያለ ቅጽል ብቻውን እንዳንጠቀምበት እናሳስባለን።

3. የአገልግሎት ጡረታ አበል፣ ዳረጎት፣ ተመላሽ

እነዚህ ሦስቱ በልማድ «የጡረታ ገንዘብ» ተብለው ይጠቃለላሉ፤ በሕግ ግን እጅግ የተለያዩ ናቸው። የአገልግሎት ጡረታ አበል ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለና ሕጉ የሚጠይቀውን ያሟላ ሠራተኛ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ በየወሩ የሚያገኘው ነው። በ2003ቱ አዋጅ ለሲቪል ሠራተኛ ስሌቱ የመጨረሻዎቹን 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ ይይዛል። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ለሚገኘው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይታሰባል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። 30 ዓመት ያገለገለና አማካይ ደመወዙ 6,000 ብር የሆነ ሠራተኛ 55 በመቶ፣ ማለትም በወር 3,300 ብር ያገኛል ማለት ነው።

«ዳረጎት» አገልግሎቱ ለወርኃዊ አበል ላልደረሰለት ሠራተኛ በአንድ ጊዜ የሚከፈል፣ በደመወዝና በአገልግሎት ዘመን የሚሰላ ገንዘብ ነው። «ተመላሽ» ደግሞ የተዋጣው መዋጮ ለባለቤቱ ሲመለስለት የሚሰጠው ስያሜ ነው። በዕለት ተዕለት አማርኛ ዳረጎት ከሰጪው በጎ ፈቃድ የሚገኝ ስጦታ ነው፤ በጡረታ ሕግ ግን ተጠይቆ የሚወሰድ መብት ነው። በሌላው ቋንቋ «ስጦታ» ወይም «ጉርሻ» ተብሎ ከተተረጎመ፣ ባለመብቱ እንደ ምጽዋት ቆጥሮት ሳይጠይቅ ሊቀር ይችላል። ሕጉ የይርጋ ጊዜ ያለው በመሆኑም ሳይጠይቁ መዘግየት ጉዳት ያስከትላል። ተስማሚ ቃል ካልተገኘ «ለአገልግሎት በአንድ ጊዜ የሚከፈል» የሚል መግለጫ መጻፍ ከመሳሳት ያድናል።

4. ተተኪ እንጂ ወራሽ አይደለም

ከሁሉ የከበደው ስሕተት የሚደርሰው በዚህ ቃል ነው። ሕጉ «ተተኪ» የሚለው የሟችን ሚስት ወይም ባል፣ ዕድሜው 18 ዓመት ያልሞላውን ልጅ፣ እንዲሁም ሟቹ ይጦራቸው የነበሩትን ወላጆች ነው። ተተኪ መብቱን የሚያገኘው ከአዋጁ ነው፤ በኑዛዜ አይሰጠውም፣ በኑዛዜም አይነፈገውም። «ወራሽ» ግን ከሟች ሀብት የሚካፈል ሰው ነው።

ተርጓሚው በኦሮምኛ «ዻላ»፣ በሶማልኛ «ዸሐል» ከሚሉት፣ ሁለቱም ውርስን ከሚያመለክቱት ቃላት የተገኘ ስያሜ ከተጠቀመ፣ አንባቢው ወዲያው የሚያስበው የውርስን ሕግ ነው። በፊልቱና በአካባቢዋ ውርስ በሸሪዓ መሠረት ሲከፈል፣ ሟች ልጆች ካሉት የሚስት ድርሻ አንድ ስምንተኛ ነው፤ ወንድ ልጅም የሴቷን እጥፍ ይወስዳል። በ2003ቱ የጡረታ አዋጅ ግን የሚስት ድርሻ 50 በመቶ ሲሆን፣ ልጅ ወንድም ሆነ ሴት እያንዳንዱ 20 በመቶ ያገኛል። ቀደም ሲል የጠቀስነው ባለ 3,300 ብር ጡረተኛ ሚስትና ሁለት ልጆች ትቶ ቢሞት፣ መበለቲቱ በወር 1,650 ብር፣ እያንዳንዱ ልጅ 660 ብር ይደርሰዋል። ገንዘቡ እንደ ውርስ ታስቦ ቢከፈል ግን የሚስት ድርሻ 412 ብር ከ50 ሳንቲም ብቻ ይሆን ነበር። በአንድ ቃል ምክንያት መበለቲቱ ከሚገባት ሦስት አራተኛውን ለሌላ ልትለቅ፣ ልጅቷም ለወንድሟ ልታካፍል ትችላለች። ሁለቱም የውርስና የጡረታ ሥርዓቶች በየራሳቸው የተሟሉ ናቸው፤ ጉዳቱን የሚያመጣው የአንዱን ቃል ለሌላው መዋስ ነው።

5. ዘመንና ዕድሜ

በመደበኛው ደንብ የሲቪል ሠራተኛ የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ዓመት ነው፤ ስሌቱም የሚነሣው ሠራተኛው መጀመሪያ ሲቀጠር ካስመዘገበው የልደት ዘመን ነው። በሶማልኛ በተጻፈ ማስረጃ ላይ የጎርጎርዮስ አቆጣጠር፣ በአማርኛው ላይ ደግሞ የኢትዮጵያ አቆጣጠር ሊገኝ ይችላል። «ዓ. ም.» ወይም «እ. ኤ. አ.» የሚለው ምልክት በትርጉም ሲዘለል ልዩነቱ 7 ወይም 8 ዓመት ይሆናል። ስለዚህ ምልክቱ እንደ ቁጥሩ ሁሉ መተርጎም አለበት።

ከዚህ በላይ ከተገለጸው ሦስት ነገሮች ይጨመቃሉ። የመጀመሪያው፣ የጡረታ ቃላት ሲተረጎሙ ከሥርወ ቃሉ ይልቅ ሕጉ ለቃሉ የሰጠው ፍች መቅደሙ ነው። ሁለተኛው፣ በእያንዳንዱ ስያሜ አጠገብ ማን እንደሚከፍል፣ ለማን እንደሚከፈል፣ በየወሩ ወይም በአንድ ጊዜ መሆኑን የሚገልጽ አጭር ማብራሪያ መጻፉ ነው። ሦስተኛው፣ በነገሌና በፊልቱ ያሉ ተርጓሚዎች የሚጠቀሙባቸው ስያሜዎች ተሰብስበው በአማርኛው ፊደል ተራ በአንድ መዝገብ እንዲሰፍሩ ማድረግ ነው። መዝገቡ ሲዘጋጅ መጀመሪያ ሊሰፍር የሚገባው ቃል «ተተኪ» ነው እንላለን፤ ይህ ቃል በተሳተ ጊዜ የሚጎዱት ራሳቸው ቆመው ሊያስረዱ የማይችሉት ናቸውና።